ከቾቤ ወደ ኦካቫንጎ፦ በሁለት ሎጆች መካከል ያለውን ረጅም የጉዞ ቀን በምን ማሳለፍ ይሻላል?

በሰሜን ቦትስዋና የሚደረግ የሳፋሪ ጉዞ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ቦታዎችን ያገናኛል። አንደኛው በካሳኔ ከተማ አጠገብ የሚፈሰው የቾቤ ወንዝና በዳርቻው የሚውለው የዝሆን መንጋ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከማውን ከተማ በስተሰሜን የተዘረጋውና እ.ኤ.አ. በ2014 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የኦካቫንጎ ዴልታ ነው። ተጓዦች የሚያድሩባቸውን ሎጆች ለመምረጥ ሳምንታት ሲያወጡና ሲያወርዱ ይከርማሉ፤ ከአንዱ ሎጅ ወደ ሌላው የሚሻገሩበትን ቀን ግን አስጎብኚው እንዳሻው እንዲያደርገው ይተዉለታል። ያ ቀን ከወጪውም ከድካሙም ትልቅ ድርሻ የሚይዝ በመሆኑ፣ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ተለይቶ ሊታሰብበት ይገባል።

ምርጫውን በኪሎ ሜትር ወይም በሰዓት ብቻ መመዘን ያሳስታል። የሳፋሪ ቀን ዋጋው ያለው በሁለቱ ጫፎቹ ላይ ነው። የጠዋቱ ጉብኝት ጎሕ ሲቀድ ተጀምሮ እስከ ረፋዱ 4 ወይም 5 ሰዓት ይዘልቃል፤ የማታው ደግሞ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል አካባቢ ተጀምሮ ጀንበር ስትጠልቅ ያበቃል። በመካከሉ ያለው ጊዜ አንበሳው ጥላ ሥር የሚተኛበት፣ እንግዳውም ምሳውን በልቶ ጎኑን የሚያሳርፍበት ነው። ስለዚህ ማንኛውም የጉዞ አማራጭ ሲቀርብልዎ አስቀድመው መጠየቅ ያለብዎት፣ ከጠዋቱና ከማታው ጉብኝት የትኛውን እንደሚያስቀርብዎ ነው። በዚህ ጽሑፍ ሰዓቱ የተቀመጠው በኢትዮጵያ አጠራር ቢሆንም የአገሩን ሰዓት የሚከተል ነው፤ የቦትስዋና ሰዓት ከአዲስ አበባ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ እንደሚቀርም ልብ ይበሉ።

ከሁሉ በፊት መጣራት ያለበት ሌላ ነገር አለ፤ ይኸውም የሚያርፉበት ሎጅ በትክክል የት እንደሚገኝ ነው። ከአንጎላ ደጋ የሚወርደው ጎርፍ ዴልታውን የሚሞላው በአገሩ ዝናብ በሌለበት ወቅት፣ በተለይም ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ ነው። በዚያ ወቅት በዴልታው እምብርት ያሉ ብዙ ሎጆች በውኃ የተከበቡ ደሴቶች ላይ ስለሚሆኑ መኪና አይደርስባቸውም። ሎጅዎ ከእነዚህ አንዱ ከሆነ፣ ቢያንስ የመጨረሻው እርከን በአውሮፕላን፣ በሄሊኮፕተር ወይም በጀልባ መሆኑ የማይቀር ነው። በአንጻሩ ሎጅዎ በክዋይ መንደር አካባቢ ወይም በሞሬሚ ጥብቅ ክልል ደረቅ ክፍል ላይ ከሆነ ከዚህ በታች ያሉት አማራጮች ሁሉ ክፍት ናቸው።

በአነስተኛ አውሮፕላን

በዚህ መስመር በብዛት የሚያገለግለው ባለ አንድ ሞተሩ ሴስና ካራቫን ሲሆን እስከ 12 መንገደኛ ይይዛል፤ አንዳንዴም አምስት ሰው ብቻ የሚጭነው ሴስና 206 ይመደባል። ከካሳኔ ተነስቶ ዴልታው ለመድረስ አንድ ሰዓት ገደማ ይበቃል። ነገር ግን አውሮፕላኑ እንደ ከተማ ታክሲ በየመንገዱ ሌሎችን እያወረደና እየጫነ ሊሄድ ስለሚችል፣ ሁለትና ሦስት ጊዜ ማረፍ ቢያጋጥም እንግዳ ነገር አይደለም። የመነሻ ሰዓቱም አብዛኛውን ጊዜ የሚታወቀው ከጉዞው በፊት ባለው ምሽት ነው። የሎጆቹ መንደርደሪያ ሜዳዎች መብራት የሌላቸው የአፈር ሜዳዎች በመሆናቸው በረራው በቀን ብርሃን ብቻ ይካሄዳል፤ አውሮፕላኑ ከመድረሱ በፊትም የሎጁ መኪና ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር እየነዳ የሜዳ አህያውንና ከርከሮውን ያባርራል።

የዚህ አማራጭ ትልቁ ጥቅም የቀኑን መካከለኛ ሰዓታት ብቻ መውሰዱ ነው። በጠዋት ቾቤ ወንዝ ዳር ጉብኝትዎን ጨርሰው፣ ቁርስ በልተው፣ ከሰዓት በኋላ ሻይ ሲቀርብ ዴልታው ውስጥ ሊገኙና የማታውን ጉብኝት ሊደርሱበት ይችላሉ። በረራው ራሱም የጉብኝቱ አካል ነው። ጉማሬዎች በሸምበቆው መካከል የከፈቷቸው የውኃ መተላለፊያዎች፣ ዝሆኖች ከደሴት ደሴት የቀደዷቸው ነጫጭ ዱካዎች፣ በዘንባባ የተከበቡት ክብ ደሴቶች ከምድር ላይ ሆኖ የማይታይ መልክ አላቸው።

ጉዳቱ በሻንጣው ይጀምራል። የሚፈቀደው ክብደት የእጅ ቦርሳና ካሜራን ጨምሮ አብዛኛውን ጊዜ 20 ኪሎ ነው፤ 15 ኪሎ ብቻ የሚፈቅዱም አሉ። ከክብደቱ ይልቅ ብዙዎችን የሚያስቸግረው ግን የሻንጣው ዓይነት ነው። ሻንጣ የሚጭነው አብራሪው ራሱ ነው፤ ከአውሮፕላኑ ሆድ ሥር በተገጠመው የጭነት ሳጥን ፊት ይንበረከክና እያንዳንዱን ቦርሳ በመዳፉ እየጠቀጠቀ ወደ ውስጥ ይገፋዋል። የሳጥኑ በር ጠባብ ስለሆነ ጠንካራ አካል ያለው ባለ ጎማ ሻንጣ አይገባለትም። ከአዲስ አበባ ወይም ከዋሽንግተን 23 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሻንጣዎች ይዞ የመጣ ተጓዥ ለስላሳ የጨርቅ ቦርሳ ቀድሞ ማዘጋጀትና ትርፉን በካሳኔ ወይም በማውን ማስቀመጥ ይኖርበታል፤ የሚያስቀምጠውም ጉዞው በሚያበቃበት ከተማ መሆን አለበት። አብዛኞቹ የዴልታ ሎጆች ልብስ የሚያጥቡት በመኝታው ዋጋ ውስጥ አካትተው ስለሆነ 20 ኪሎው ከሚታሰበው በላይ ያብቃቃል። የሰውነትዎን ክብደት ሲጠይቁዎትም ሳይቀንሱ ይናገሩ፤ አብራሪው መንገደኛውን የሚያስቀምጠው የአውሮፕላኑን ሚዛን እያሰላ ነው። ክብደታቸው ከ100 ኪሎ በላይ ለሆኑ መንገደኞች ተጨማሪ ወንበር የሚያስከፍሉ ድርጅቶችም አሉ።

ሁለተኛው ጉዳት መንገጫገጩ ነው። ሙቀቱ በሚበረታበት በመስከረምና በጥቅምት ከመሬት የሚነሳው ሞቃት አየር እኩለ ቀን ላይ አነስተኛውን አውሮፕላን ክፉኛ ያናውጠዋል። በቀላሉ የሚያቅለሸልሸው ሰው በእነዚህ ወራት የጠዋት በረራ ቢጠይቅ ይሻለዋል። አንድ የጠዋት ጉብኝት ይቀርበታል፤ ሆኖም ታሞ ደርሶ ማታውንም በአልጋ ከማሳለፍ ይህ እጅግ ይመረጣል። ዋጋውን በተመለከተ፣ ለአንድ ሰው ለአንድ ጉዞ በመቶዎች የሚቆጠር የአሜሪካ ዶላር እንደሚጠየቅ አውቆ መነሳት ያስፈልጋል፤ ለአራት ሰው ቤተሰብ ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም።

በአስፋልቱ፣ በናታ በኩል

በካርታ ላይ ሲታይ ዞሮ የሚሄድ መንገድ ነው። ከካሳኔ ወደ ደቡብ፣ የዚምባብዌን ድንበር ይዞ በደንና በፓንዳማቴንጋ ሰፋፊ የእህል እርሻዎች በኩል ወደ ናታ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይወርዳል፤ ከዚያ ወደ ምዕራብ ታጥፎ በግዌታ በኩል ሌላ 300 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ማውን ይገባል። ማንኛውም የቤት መኪና ይችለዋል። ሳይቆሙ ሰባት ሰዓት፣ እየቆሙ ደግሞ ስምንትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ጠዋቱንም ማታውንም ጠቅልሎ የሚወስደው ይህ መንገድ ነው፤ በዋጋ ግን ከሁሉም ይረክሳል። መኪና የሌለው ሰው ናታ ላይ እየቀየረ በሕዝብ አውቶቡስም ሊሄድ ይችላል።

አስፋልት ነው ተብሎ መዘናጋት አይገባም። የመጀመሪያው አጋማሽ ዝሆኖች የሚሻገሩበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በተደረገው ቆጠራ በቦትስዋና ወደ 132,000 የሚጠጉ ዝሆኖች እንዳሉ ተገምቷል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ በዚሁ በሰሜኑ ክፍል ይኖራሉ። ዝሆን መንገድ ላይ ሲቆም ጥሩምባ መንፋትም ሆነ መግፋት አያስፈልግም፤ ርቆ ቆሞ እስኪያልፍ መጠበቅ ነው። ከናታ ወዲያ ደግሞ ከብትና አህያ መንገዱ ላይ ይተኛሉ። በዚህ ላይ መኪና የሚነዳው በግራ በኩል በመሆኑ፣ በኢትዮጵያ ወይም በአሜሪካ የለመደ ሰው የመጀመሪያውን ረጅም ቀን በጨለማ መጨረስ የለበትም። ካሳኔን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ለቆ፣ ነዳጁን እዚያው ሞልቶና ናታ ላይ ደግሞ፣ ማውን ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት መግባት ተገቢ ነው።

በዚህ መንገድ የሚያጋጥሙት የእንስሳት ጤና ኬላዎች ለእንግዳ ያልተለመዱ ናቸው። ጎሽ የአፍተግርን በሽታ ተሸክሞ ስለሚኖር፣ አገሪቱ ወደ አውሮፓ የምትልከውን የከብት ሥጋ ለመጠበቅ ስትል የዱር እንስሳቱንና የከብቱን ክልል በአጥር ለይታለች። ኬላው ላይ ከመኪና ወርደው መድኃኒት በተነከረ ምንጣፍ ላይ ይረግጣሉ፤ መኪናውም ጎማውን እንዲያስነክር ይደረጋል። በሻንጣ ያለ ሌላ ጫማ ሊያስወጡዎት ስለሚችሉ ከላይ ቢያስቀምጡት ይቀልልዎታል። ጥሬ ሥጋ ከሰሜን ወደ ደቡብ ማሳለፍ አይፈቀድም፤ ካሳኔ ላይ ለጥብስ ብለው የገዙት ሥጋ እዚያው ይቀራል።

ስለዚህ መንገድ ብዙ ጊዜ የማይነገረው ጉዳይ ግን መድረሻው ማውን መሆኑ ነው። ከማውን እስከ ዴልታው ሎጅ ያለው ክፍል ገና ስለሚቀር፣ ማታ ደርሶ ማውን ማደርና፣ ሎጁ መኪና የማይደርስበት ከሆነ፣ በማግስቱ በአውሮፕላን መግባት ግድ ይሆናል። የተከራዩት መኪናም እርስዎ ዴልታው ውስጥ ሳሉ በየቀኑ ኪራይ እየቆጠረ ማውን ላይ ይቆማል። የማውን አዳሩ፣ የቆመው መኪና ኪራይና የማግስቱ በረራ ሲደመሩ ርካሹ መንገድ ከቀጥታው በረራ ጋር የሚቀራረብበት ጊዜ አለ። ይህን ሳያሰሉ መወሰን አይገባም።

ይህን መንገድ የሚያስመርጠው አንድ ጥሩ ምክንያት በመካከሉ ማደር ነው። ናታ ወይም ግዌታ አንድ ሌሊት ያደረ ሰው የማክጋዲክጋዲን የጨው ሜዳ ያያል፤ ዝናቡ ጥሩ በሆነበት ዓመት በናታ የአእዋፍ መጠለያ ፍላሚንጎዎች ውኃው ላይ ይሰፍራሉ። እንዲህ ሲከፈል አሰልቺው ቀን ሁለት መልካም ግማሽ ቀናት ይሆናል።

በሳቩቲ አሸዋ

ሦስተኛው መንገድ ቾቤን ብሔራዊ ፓርክ ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሰነጥቀው ነው። ርቀቱ ከ400 ኪሎ ሜትር ቢያንስም የሚፈጀው ጊዜ ከአስፋልቱ ይበልጣል። እስከ ካቺካው መንደር አስፋልት አለ፤ ከዚያ በኋላ በጎሃ በር በኩል እስከ ሳቩቲ ከባድ አሸዋ ነው። ከካሳኔ ሳቩቲ ብቻ ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ይወስዳል፤ ከሳቩቲ በማባቤና በሾሮቤ በኩል ማውን ለመግባት ደግሞ ተመሳሳይ ወይም የበለጠ ጊዜ ያስፈልጋል። በፓርኩ ውስጥ የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ነው፤ አሸዋው ግን ያንንም አያስኬድም።

ያም ሆኖ እኔ ከሁሉም አብልጬ የምወደው ይህን መንገድ ነው። ምክንያቱም ጉዞውና ጉብኝቱ አንድ ይሆናሉ። ከፓርኩ በር ገብቶ እስከሚወጣ ድረስ የሚሄድበት እያንዳንዱ ሰዓት እንስሳ የሚታይበት ነው። የሳቩቲ ቦይ እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ ለሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ደርቆ ከኖረ በኋላ ውኃ ተመልሶበት ያውቃል፤ በሚደርቅበትና በሚሞላበት ጊዜ የሣሩና የእንስሳቱ ሁኔታ አብሮ ይለወጣል። የአካባቢው አንበሶች ዝሆን በማደናቸው በዓለም ይታወቃሉ። ወደ ደቡብ ሲወርዱ ደግሞ በክዋይ ወንዝ ላይ፣ በሞሬሚ ሰሜናዊ በር አጠገብ፣ ከሞፓኔ ግንድ የተሠራ ድልድይ አለ፤ መኪና ሲያልፍበት እንጨቶቹ አንድ በአንድ ይንቀጫቀጫሉ።

መንገዱን ለማሸነፍ የአፈሩን ጠባይ ማወቅ ይጠይቃል። በበጋ የሚያስቸግረው አሸዋው ነው። አሸዋ በቀዝቃዛው ጠዋት ጠበቅ ይላል፣ ፀሐይ ሲመታው ደግሞ ይላላል፤ ስለዚህ ከባዱን ክፍል ከረፋዱ በፊት ማለፍ ይበጃል። የጎማ ነፋስ እስከ 1.5 ባር አካባቢ ቀንሶ መንዳት፣ አስፋልት ሲደርሱ መልሶ መንፋት ስለሚያስፈልግ የመንፊያ ማሽን ከመኪናው ጋር መኖሩን ሲረከቡ ያረጋግጡ። ዝናቡ ሲገባ፣ ከኅዳር እስከ መጋቢት፣ ነገሩ ይገለበጣል፤ አሸዋው ረጥቦ ይጠነክራል፣ የማባቤ ዝቅተኛ ሜዳ መረሬ ግን ጎማ ይውጣል። ከሳቩቲ ወደ ማባቤ የሚወስዱ ሁለት መንገዶች አሉ። በረግረጉ በኩል ያለው በደረቅ ወቅት የተሻለ ሲሆን በዝናብ ጊዜ አይሞከርም፤ በአሸዋማው ተረተር ላይ ያለው ደግሞ ይንገጫገጫል እንጂ ያሳልፋል። የትኛው ክፍት እንደሆነ የበሩን ጠባቂዎች በዕለቱ መጠየቅ ከማንኛውም ካርታ ይበልጣል። በመካከል ነዳጅ የሚሸጥበት ቦታ የለም፤ በአሸዋ ላይ መኪናው የሚጠጣው ነዳጅ ከአስፋልቱ እጅግ ስለሚበልጥ ትርፍ ጀሪካን ያስፈልጋል።

ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ማለፍ የሚቻል ቢሆንም አልመክርም፤ የሚሮጥ ሰው ምንም አያይም። ሳቩቲ ላይ ቢያንስ አንድ ሌሊት መታደር አለበት፤ የድንኳን ቦታ ከብዙ ጊዜ በፊት የሚያዝ ስለሆነም ሳያስይዙ መሄድ አይቻልም። በአሸዋ ነድቶ የማያውቅ ሰው ደግሞ ራሱ ከመንዳት ይልቅ ድንኳኑንና ምግቡን ይዞ ከቦታ ቦታ የሚዘዋወር አስጎብኚ ቢቀጥር፣ ገንዘቡ ለደኅንነቱም ለዓይኑም ይከፍለዋል። አስጎብኚው ዱካ ያነባል፤ ራሱ የሚነዳው ግን ዓይኑ ከአሸዋው አይነሳም።

እንግዲህ የትኛው?

ጊዜው ከአምስት ሌሊት ያልበለጠ፣ ወይም ወገቡን የሚያመው፣ ወይም ከአረጋውያን ወላጆቹ ጋር የሚጓዝ ሰው ከአውሮፕላኑ ውጭ ሌላ ባያስብ ይሻላል። የካራቫኑ መሰላል ቀጥ ያለ ስለሆነ ለእናት ወይም ለአባት ደጋፊ እንደሚያስፈልግ አስቀድሞ መናገር ብቻ ይበቃል። ትንንሽ ልጆች ያሉት ቤተሰብ፣ ብዙ የዴልታ ሎጆች ከተወሰነ ዕድሜ በታች ያለ ልጅ ስለማይቀበሉ፣ በአስፋልቱ ሄዶ ግዌታ ላይ እያደረ ማውን አካባቢ ቢያርፍ ልጆቹም ይደሰታሉ፣ ወጪውም ይቀንሳል።

ሰባት ሌሊትና ከዚያ በላይ ያለው ሰው ግን አንዱን ብቻ የመምረጥ ግዴታ የለበትም። ከካሳኔ ሳቩቲ ድረስ ከአስጎብኚ ጋር በመኪና ሄዶ፣ እዚያ ሁለት ሌሊት ካደረ በኋላ ከሳቩቲ መንደርደሪያ ሜዳ ወደ ዴልታው መብረር ይችላል። ከሳቩቲ ወደ ዴልታው ያለው በረራ ከካሳኔው ያጠረ ነው፤ ማባቤና ማውን ሳይነኩም በቀጥታ ወደ ሎጁ ያስገባል። ሁለቱንም ጉብኝቶች ሳያስቀር አሸዋውንም ሰማዩንም የሚያሳየው ይህ ድብልቅ ጉዞ በመሆኑ፣ አቅሙ ለሚፈቅድለት ሰው ያለማመንታት የምመክረው እርሱን ነው።

ከኢትዮጵያ ለሚነሳ ተጓዥ ጥቂት የሚጨመሩ ነገሮች አሉ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ ቪክቶሪያ ፏፏቴ ከተማ መብረር ስለጀመረ፣ ብዙዎች ጉዞውን ከዚምባብዌ ይጀምሩና በካዙንጉላ ድንበር ወደ ካሳኔ ይሻገራሉ። መንገዱ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ድንበሩ ላይ መኪና መቀየር የተለመደ ነው። ከዛምቢያ፣ ከሊቪንግስተን፣ የሚነሱ ደግሞ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2021 የተመረቀውን 923 ሜትር የካዙንጉላ ድልድይ ይሻገራሉ። ካዛ የሚባለው የዛምቢያና የዚምባብዌ የጋራ ቪዛ ወደ ቦትስዋና የሚያሳልፈው ደርሶ መልስ ለሚውል ጎብኚ ብቻ ነው፤ ቦትስዋና ለሚያድር ሰው አይበቃም። ተመልሰው በቪክቶሪያ ፏፏቴ በኩል የሚወጡ ከሆነም በዚምባብዌ በኩል ሁለት ጊዜ መግባት የሚያስችል ቪዛ መያዝዎን ያረጋግጡ። ኢትዮጵያ ቢጫ ወባ ከሚያሰጋቸው አገሮች ስለምትቆጠር፣ ቢጫው የክትባት ካርድ ከፓስፖርቱ ጋር በእጅ መያዝ አለበት።

የሚጾም ተጓዥ ለጉዞው ቀን ምሳ ቀድሞ ይንገር። ለመንገድ የሚቋጠረው ሣጥን አብዛኛውን ጊዜ ዶሮ፣ እንቁላልና አይብ ነው፤ የዴልታ ሎጆችም አትክልታቸውን ከማውን አስጭነው ስለሚያመጡ በዕለቱ ቢነገራቸው የሚለውጡት ነገር አይኖራቸውም። የፍልሰታ ጾም እንግዳ በሚበዛበት በነሐሴ ስለሚውል፣ መኝታው ሲያዝ አብሮ በጽሑፍ ማስፈር ይገባል።

የመጨረሻው ቀን በረራ ለብቻው ይታሰብበት። ከዴልታው ሎጅ ወደ ማውን የሚያወጣዎት አውሮፕላን በየመንገዱ የሚያርፍ ስለሆነ፣ ከማውን ወደ ጆሃንስበርግ ከሚነሳው በረራ ጋር ቢያንስ የሦስት ሰዓት ልዩነት እንዲኖረው ይጠይቁ፤ ይህ የማይሆን ከሆነ ግን ከአንድ ቀን በፊት ወጥቶ ማውን ላይ ማደር ይሻላል።